የቆመውን የአያት ሲንጀር ማስነሳት፦ ከአቧራው እስከ ቀጥ ያለ ስፌት

ቤቱ ጥግ ላይ ጥቁር የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ያለው ሰው ብዙ ነው። ለማስነሳት የሞከረም ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ግማሽ ቀን ይታገላል፣ ክሩ ከስር ይተበተብበታል፣ «ተበላሽቷል» ብሎ መልሶ ይከድነዋል። እውነቱን ለመናገር ከ1900 እስከ 1930ዎቹ ድረስ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የተሠሩ የቤት ሲንጀሮች በቀላሉ አይሰበሩም። የሚይዛቸው ሦስት ነገር ነው፤ የደረቀ ዘይት፣ በግልባጩ የገባ መርፌና መንገዱን የሳተ ክር። ሦስቱም ያለ ባለሙያ ይፈታሉ።

አንድ ደንብ ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል እስኪያልቅ ድረስ የክር ማጥበቂያውን (የላይ ክር መካከላቸው የሚያልፍባቸውን ሳህኖች የሚጫነውን) ብሎን አትንኩ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያዞረው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ችግሩ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል።

መመሪያው በእጅና በእግር ለሚዞሩ መኪናዎች ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመለት ከሆነ ሽቦው በባለሙያ ሳይታይ ሶኬት ላይ አትሰኩት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የልብስ ስፌት መኪና ዘይት (ነጭ፣ እንደ ውሃ ቀጭን)
- ትንሽ ላምባ
- አፉ የብሎኑን ቀዳዳ በልክ የሚሞላ ካቻቢቴ፣ ትልቅና ትንሽ
- አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥጥ፣ ያረጀ ካናቴራ
- አዲስ መርፌ፣ ቢያንስ ሁለት
- ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው አዲስ ክር፣ ለምሳሌ ቀይና ነጭ
- ስልክ፣ ፎቶ ለማንሳት

ካቻቢቴው ላይ አትቆጥቡ። አፉ የጠበበ ካቻቢቴ የብሎኑን ጭንቅላት ይበላዋል። የሲንጀር ብሎን ደግሞ ጥርሱ የራሱ ነው። ከብሎን መሸጫ ገዝታችሁ አትተኩትም፤ ያላችሁ አማራጭ ከሌላ አሮጌ ሲንጀር ላይ መፍታት ነው።

የምግብ ዘይት፣ የሞተር ዘይትና ቅባት ከአጠገባችሁ አርቁ። የምግብ ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ቆይቶ ግን ይደርቅና መኪናውን ይቆልፈዋል። በቆርቆሮ የሚረጨው የዝገት መፍቻም የደረቀ ብሎን ለመፍታት እንጂ ለማለስለሻ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ በደህና አውጡት

1. የእንጨት ክዳኑን እጀታ ይዛችሁ አታንሱ። የድሮ ቁልፍ ሳይታሰብ ይለቃል፤ ብረቱም እግር ላይ ይወርዳል። ከስር፣ ከእንጨት መቀመጫው ያዙ።
2. ክዳኑን አንሱና መኪናውን በእጃችሁ ደግፋችሁ ከፊቱ በኩል ቀና በማድረግ ከኋላው ያሉትን ማጠፊያዎች እዩ። መኪናውን ከእንጨቱ ጋር የሚይዙት ሁለት ዘንጎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በትንሽ ብሎን ይጠብቃሉ። ላልተው ከሆነ አሁኑኑ አጥብቁ። ካልጠበቁ መኪናው ሲጋደም ተነቅሎ ይወድቃል።
3. ከአራቱም ጎን፣ ከላይና ከስር ፎቶ አንሱ። ከዚህ በኋላ የምትፈቱትን ሁሉ ሳትፈቱ በፊት አንሱት።

ደረጃ 2፦ የትኛው እንደሆነ ለዩ

የሞዴል ቁጥር በብዙዎቹ ላይ አልተጻፈም። ከፊት በቀኝ በኩል የመኪናው ወለል ላይ የተቀረጸው የፋብሪካው ተከታታይ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ በፊት የላቲን ፊደል ካለ መኪናው የተሠራው ከ1900 ገደማ ወዲህ ነው።

ሞዴሉን የሚነግራችሁ የታች ክር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የሚንሸራተተውን የብረት ክዳን ሳቡና እዩ።

- ረዥም፣ ጫፉ የሾለ መወርወሪያ (የታች ክሩን ይዞ የሚመላለሰው ብረት) እና በውስጡ ቀጭን ረዥም ቦቢን (የታች ክር የሚጠቀለልበት) ካለ 27፣ 28፣ 127 ወይም 128 ነው።
- ክብ ቦቢን ከላይ የሚገባ ከሆነ 66 ወይም አነስ ያለው ወንድሙ 99 ነው።
- ክብ ቦቢን በብረት ቤቱ ሆኖ በግራ በኩል ከስር የሚገባ ከሆነ 15 ነው።

15 የደረሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ገበያ ላይ የሞሉት የቻይና ጥቁር መኪናዎች የእሱ ቅጂ ስለሆኑ ቦቢኑና የቦቢን ቤቱ በቀላሉ ይገኛል። የ66 ቦቢን ግን ሌላ ነው። «ይሄም ያው ነው» ቢሏችሁ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሳትለኩ አትግዙ። ረዥሙ መወርወሪያ የጠፋባችሁ ደግሞ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁማችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። አዲስ አበባ ላይ መርካቶ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራን ሳታዩ ተስፋ አትቁረጡ።

ደረጃ 3፦ ሳታስገድዱ አዙሩት

መርፌውን አውጡ። የቀኙን መዘውር የላይኛው ጠርዙ ወደ እናንተ እንዲመጣ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የእጅ ማዞሪያ ያለው ከሆነ እጀታው የሚዞረው በተቃራኒው፣ ከእናንተ ወደ ፊት ነው፤ መካከል ያለው ጥርስ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። ይህን ያልለየ ሰው ወደ ኋላ ያዞርና ክሩን ይተበትባል።

*ምንም ካልተንቀሳቀሰ፦* ኃይል አትጨምሩ። ከመዘውሩ ጀርባ የተጠመጠመ አሮጌ ክር አለ ወይ? መወርወሪያው ጋ የተቀረቀረ ክር አለ ወይ? ክር ካገኛችሁ በወረንጦ ልቀሙት። ካላገኛችሁ የደረቀ ዘይት ነው፤ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

*መዘውሩ ዞሮ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ፦* መዘውሩ መሀል ያለው ክብ ብሎን ላልቷል። ቦቢን ሲጠቀለል የሚላላው እሱ ነው። አጥብቁት። ጠብቆም ካልያዘ የጎኑን ትንሽ ብሎን ፈትታችሁ ክቡን አውጡ፤ ከስሩ ጆሮ ያላት ቀለበት አለች። ግማሽ ዙር አዙራችሁ መልሷት።

*ዞሮ ከባድ ከሆነ፦* የቦቢን መጠቅለያው መዘውሩን ተደግፎ እንዳልቀረ እዩ።

ደረጃ 4፦ ማጽዳት

ይህ ደረጃ ጊዜ ይወስዳል። አትቸኩሉበት።

*ጥቁሩ ገላና ወርቃማው ጌጥ።* በአልኮል አትንኩት። ጌጡን ከላይ የሸፈነው ቫርኒሽ በአልኮል ይሟሟል፤ ወርቁም አብሮ ይሄዳል። በረኪና፣ የመስታወት ማጽጃና የብረት መወልወያም እንደዚያው ናቸው። በጣም የሚቆጨው ጉዳት ይህ ነው፤ መኪና አጽድቶ ለማስዋብ ሲል ጌጡን የፋቀ ሰው ወደ ኋላ የሚመልስበት መንገድ የለውም።

የሚሠራው ራሱ የመኪናው ዘይት ነው። ጥጥ ላይ ዘይት አድርጉ፣ በማይታይ ቦታ ሞክሩ፣ ከዚያ በክብ ሳትጫኑ አሹ። ጥጡ ቡናማ ሲሆን ቀይሩ። ቡናማው ዕድፍ ነው። ወርቅ ወይም ጥቁር ቀለም ጥጡ ላይ ካያችሁ ግን እዚያ ቦታ ላይ አቁሙ። ቀለም መቀባት የምታስቡም ካላችሁ ተዉት።

*የውስጡ።* ላምባ የምትጠቀሙት በረንዳ ወይም ግቢ ላይ ነው። ከሰል የተቀጣጠለበት ማንደጃ፣ ሲጋራና ክብሪት ከአካባቢው ይራቅ። ላምባ የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

1. የግራውን የፊት ክዳን የሚይዘውን ብሎን ፍቱ። መርፌውን የሚያወጣውና የሚያወርደው ዘንግ ከዚያ ይታያል።
2. ከኋላ ያለውን ክብ ክዳን ብሎኑን አላልታችሁ ወደ ጎን አዙሩት።
3. ብረት ከብረት ጋር በሚፋተግበት ሁሉ ጥቂት ላምባ ጠብ አድርጉ። የደረቀው ዘይት እንደ ጠነከረ ማር ቢጫና ሙጫ ሆኖ ይታያል።
4. ተዉትና ሌላ ሥራ ሥሩ። ተመልሳችሁ መዘውሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በትንሹ አወዛውዙ። ከተንቀሳቀሰ ድገሙት። ካልተንቀሳቀሰ እንደገና ላምባ ስጡት። አንዳንዱ ቀናት ይፈልጋል።
5. ሲላላ የሚወርደውን ጥቁር ፈሳሽ ጥረጉ። ላምባው ውስጥ አይቅር፤ ያደርቃል እንጂ አያለሰልስም።

*ጥርሶቹ።* ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የጨርቅ መጫኛውን እግር አውጡ፣ መርፌው የሚገባበትን የብረት ሳህን ብሎኖች ፍቱና አንሱት። ጨርቁን በሚስቡት ጥርሶች መካከል የክር ብናኝ ከዘይት ጋር ተጋግሮ ታገኛላችሁ። በብሩሽ አይለቅም፤ በመርፌ ጫፍ ፈልቅቃችሁ አውጡት። እሱ እያለ ጥርሶቹ ከሳህኑ በላይ አይወጡም፤ ጨርቁም አይሄድም።

ዝገት ካለ በጣም ቀጭን የብረት ጥጥ ከዘይት ጋር ተጠቀሙ። በመርፌው ዘንግና በመወርወሪያው ላይ የብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አይነካም።

ደረጃ 5፦ ዘይት

ከላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ በሚፋተግ መገጣጠሚያ ሁሉና ከስር በሚንቀሳቀሰው ሁሉ አንድ አንድ ጠብታ። አንድ ማለት አንድ ነው። የበዛው ልብሳችሁ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ደጋግማችሁ አዙሩ፣ ጥረጉ፣ የፈታችሁትን ከፎቶው ጋር እያያችሁ መልሱ።

ከዚህ በኋላ መዘውሩ በአንድ ጣት መዞር አለበት። ካልዞረ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ክር አትጀምሩ።

ደረጃ 6፦ መርፌ

«አልሰፋ አለኝ» ከሚሉት ውስጥ ትልቁ ክፍል የሚፈታው እዚህ ነው።

*ዓይነቱ።* ፓኬቱ ላይ 15×1 ወይም 130/705 የሚል ቁጥር ይኑር። ከላይ የጠቀስናቸው ሞዴሎች ሁሉ የሚቀበሉት ይህን ተራ የቤት መርፌ ነው። ልብስ ሰፊዎች የሚገዙት የፋብሪካ መኪና መርፌ አናቱ ሙሉ ክብ ነው፤ የእናንተው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ሻጩ ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን እንዳይሰጣችሁ ፓኬቱን ክፈቱና በጣታችሁ ዳስሱ።

*ውፍረቱ።* ለስስ ነጠላና ለመነን 11፣ ለተራ ጥጥ 14፣ ለጋቢና ለወፍራም ጨርቅ 16።

*አገባቡ።* መርፌውን ወደ ብርሃን ያዙና በጥፍራችሁ ቁልቁል ዳስሱት። በአንዱ ጎን ከላይ እስከ ቀዳዳው የሚወርድ ረዥም ቦይ አለ። በሌላው ጎን ጠፍጣፋው አናትና ከቀዳዳው በላይ ያለች ትንሽ ስርጉድ አለች። ደንቡ ለሁሉም ሞዴል አንድ ነው፤ ጠፍጣፋው መወርወሪያው ወይም መንጠቆው (ክብ ቦቢን ባላቸው መኪናዎች ክሩን የሚይዘው) ወደሚያልፍበት ይዞራል፤ ክሩ የሚገባው ከቦዩ በኩል ነው። የቱ ጎን እንደሆነ ካላወቃችሁ መርፌ ማሰሪያው ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን የክር ማለፊያ እዩ። እሷ ያለችበት ጎን የቦዩ ጎን ነው።

መርፌውን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፉና አጥብቁ። ግማሽ ጥፍር ያህል ዝቅ ካለ ስፌት ይዘላል።

ደረጃ 7፦ የታች ክር

ቦቢኑ ላይ ያለውን የድሮ ክር ሙሉ በሙሉ አውጡ። በላዩ ላይ አትጠቅልሉ። የመዘውሩን የመሀል ብሎን አላሉና መርፌው ሳይንቀሳቀስ ጠቅልሉ፤ እኩል ይሁን፣ ከጠርዙ አይለፍ። ብሎኑን መልሳችሁ ማጥበቅ አትርሱ።

ቦቢኑን ቤቱ ውስጥ ስታስገቡ ክሩ በስንጥቋ አልፎ ከቀጭኗ ብረት ስር መግባት አለበት። ሳቡት። ምንም ሳይዝ ከመጣ ከስሯ አልገባም። በትንሹ እየያዘ በእኩል ከመጣ ትክክል ነው።

ደረጃ 8፦ የላይ ክር

1. የጨርቅ መጫኛውን እግር አንሱ።
2. ክር ሳቢውን ክንድ (መዘውሩ ሲዞር ከፊት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን) እስከ ላይ አድርሱት።
3. ክሩን ከማለፊያው ወደ ማጥበቂያዎቹ ሳህኖች መካከል አስገቡ። ላዩ ላይ ማረፍ አይበቃም፤ መካከላቸው ይግባ። መጀመሪያ በስስ ጨርቅ ጠርዝ መካከላቸውን አጽዱ፤ አንዲት የክር ቁራጭ ካለች ማጥበቂያው አይሠራም።
4. በትንሿ ሞላ ስር አሳልፉ፣ ወደ ክንዱ ቀዳዳ አስገቡ።
5. በጎን ማለፊያዎች ወደ ታች አውርዱና ከቦዩ በኩል መርፌው ውስጥ አስገቡ።
6. የላይ ክሩን ጫፍ ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ መዘውሩን አንድ ዙር አዙሩ። የታች ክሩ በቀለበት ይወጣል፤ ሳቡት።

*የታች ክሩ ካልወጣ፦* መርፌው በግልባጩ ነው፣ ወይም እስከ ላይ አልገባም። ወደ ደረጃ 6።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ስፌት

ላይ ቀይ፣ ታች ነጭ ክር አድርጉ። ያረጀ ጥጥ ጨርቅ አጥፋችሁ አስገቡ። ሁለቱንም ክር ወደ ኋላ ያዙ፣ እግሩን አውርዱ፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሦስት አራት ስፌት እስኪያልፍ ክሮቹን አትልቀቁ። ጨርቁን አትጎትቱ፤ ጥርሶቹ ይሂዱበት። ጎትታችሁ ከሆነ መርፌው ይታጠፍና ሳህኑን ይመታል።

ሕፃናት ማዞሪያውን ይወዱታል። እጃቸው መርፌው አጠገብ እያለ ማንም አያዙር።

አሁን ስፌቱን ተመልከቱ።

- ከላይ ቀይ ብቻ፣ ከታች ነጭ ብቻ ከታየ ጨርሳችኋል።
- ከታች ቀይ ቀለበቶች ከታዩ የላዩ ላልቷል። ነገር ግን ብሎኑን ሳትነኩ ክሩን እንደገና አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ ሳህኖቹ መካከል አልገባም ወይም ክንዱን ዘሏል። ከስር ክምር ሆኖ ከተተበተበም ምክንያቱ ከላይ ነው።
- ከላይ ነጭ ነጥቦች ከታዩ የላዩ ጠብቋል። ማጥበቂያውን ሩብ ዙር አላሉ፣ ስፉ፣ እዩ።

በዚህም ካልተስተካከለ ብቻ የቦቢን ቤቷን ትንሽ ብሎን ንኩ፤ ከሩብ ዙር በታች። የነበረበትን በፎቶ ያዙ። ብሎኗ ከወደቀች ስለማትገኝ ነጭ ጨርቅ ዘርግታችሁ ሥሩ።

እምቢ ሲል

*ስፌት ይዘላል፦* አዲስ መርፌ። አዲስም ሆኖ ከዘለለ ዓይነቱንና አገባቡን እዩ።

*ክር ይበጠሳል፦* የቆየ ክር በእጃችሁ ስትስቡት ቶሎ ከተበጠሰ ጣሉት። ከአያት የተረፈው የክር ሳጥን ያምራል፤ ለማየት ይቀመጥ። ክሩ ደህና ከሆነ የመርፌው ቀዳዳና የሳህኑ ቀዳዳ ሻካራ እንደሆነ ዳስሱ።

*ጨርቁ አይሄድም፦* ጥርሶቹን እንደገና አጽዱ። ከዚያ የስፌት ርዝመት መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ እንዳልቆመ እዩ።

*ወደ ኋላ አይሰፋም፦* ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ሲሠሩም ወደ ኋላ አይሰፉም። መጨረሻ ላይ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ትታችሁ ጨርቁን አዙሩና ጥቂት ስፌት መልሱ፤ ወይም ሁለቱን ክር ቋጥሩ።

*የእግር መኪናው ይንሸራተታል፦* የቆዳ ቀበቶው ላልቷል። ከማያያዣው ሽቦ ፈትታችሁ በትንሽ በትንሹ አሳጥሩት። እጅግ ከጠበቀ ፔዳሉ ይከብዳል። አዲስ ስታስቆርጡ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክብ ቆዳ ይሁን። ጥሬ ጠፍር አትጠቀሙ፤ በክረምት ይለጠጣል።

*ይህ ሁሉ ተደርጎ መርፌው መወርወሪያውን ከነካ፦* እዚህ ላይ ባለሙያ ጥሩ። በመርፌውና በመወርወሪያው መካከል ያለውን አቀማመጥ በግምት አታስተካክሉት።

ሸማ ላይ ስትሰፉ

በእጅ የተሸመነ ስስ ጨርቅ ጥርሶቹ ላይ ይያዛል፤ ሳህኑ ቀዳዳ ውስጥም ይጎተታል። ከስር ያልተጻፈበት ስስ ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ አብራችሁ ስፉ፣ ሲያልቅ ቀስ ብላችሁ ቅደዱት። ጋዜጣ አይሆንም፤ ቀለሙ ይለቃል። ስፌቱን ረዘም፣ ማጥበቂያውን ላላ አድርጉ። ጥበቡ ጋ ስትደርሱ መዘውሩን በእጃችሁ አዙሩ፤ ውፍረቱ በድንገት ስለሚቀየር መርፌ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ዘይት ከጨመራችሁ በኋላ ነጭ ቀሚስ ይዛችሁ አትቀመጡ። መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፉ፤ ጨርቁ ዘይት ሳይነካው ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። በየቀኑ የምትሰፉ ከሆነ በየቀኑ ትንሽ ዘይት፤ አልፎ አልፎ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት። ስትጨርሱ ከእግሩ ስር ቁራጭ ጨርቅ አስገብታችሁ እግሩን አውርዱ፤ የተረፈው ዘይት በመርፌው ወርዶ ጨርቁ ላይ ይቀራል።